ከተማው ሲጾም የሳልነው ካርታ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ጎረቤቴ፣ «ለመሆኑ ያን ሁሉ ዘመን ማዘጋጃ ቤት ምን ስትሠሪ ኖርሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ባዶ ቦታ ስስል» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ ቀልድ አይሆንልኝም፤ የነገርኳት እውነቱን ነው። ጎንደር ከተማ ፕላን ክፍል ጠጉሬ እስኪሸብት ስሠራ፣ ከሥራዬ የሚበዛው ቤት ያልተሠራበትን ቦታ በቀለም ማጥቆር ነበር። ነገሩ ከሾላ በር ሰፈር ይጀምራል ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ከዚያ በፊት ነው የሚጀምረው።

የተወለድኩት ወገራ ደጋ ላይ፣ ከደብር ጥግ ነው። አባቴ የዜማ መምህር ነበሩ። ወንድሞቼ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ዜማ ሲቀጽሉ እኔ ከአጥር ወዲህ ሆኜ እየሰማሁ ዳዊት ደገምኩ። አባቴ ሲደርሱበት አልተቆጡም። «ካነበብሽ አይቀር አጥርተሽ አንብቢ» አሉኝ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባሁት ግን ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ትዳሬ ሳይሰምር ቀርቶ ጎንደር አክስቴ ዘንድ ስወርድ ነው። አንደኛ ክፍል ከሕፃናት ጋር ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አይገባም ነበር። ልጆቹ «እትዬ አንደኛ ክፍል» ይሉኛል፤ መምህሩ ወጣ ሲል ደግሞ የቤት ሥራቸውን ይዘው ወደኔው ይሮጣሉ።

ማዘጋጃ ቤት ጽሑፍ ገልባጭ ይፈልጋል ሲባል እጅ ጽሑፌን አይተው ወሰዱኝ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ ሲተርፈኝ መጽሐፍ እገዛለሁ። ብዙም ሳልቆይ ፕላን ክፍል ሰው ቸገረውና ተዛወርኩ። ክፍሉ አራዳ ላይ፣ ጣሊያን ትቶት በሄደ ፎቅ ቤት ውስጥ ነበር፤ መስኮቱ ሰፊ፣ ብርሃኑ ሸጋ። ሥራዬ ያው መገልበጥ ሆነ፤ ብርሃን የሚያሳልፈውን ስስ ወረቀት ከካርታው ላይ ዘርግቶ መስመሩን በቀለም መከተል። የእጄ ላብ ወረቀቱን እንዳያረጥበው ከመዳፌ ሥር ጨርቅ አነጥፋለሁ። ስሳሳት በምላጭ ጫፍ ቀለሙን ብቻ እፍቃለሁ፤ ወረቀቱ አንዴ ከቆሰለ በቆሰለው ላይ ቀለም ይፈስበታል።

የክፍሉ ሹም መሐንዲስ ይርዳው ይባሉ ነበር። ባሕር ማዶ ተምረው የመጡ፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ከጠባብ መንገድ አፍ ሲደርሱ፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይገባሉ። የጃንጥላው ጠርዝ ግራና ቀኝ አጥሩን ከነካ፣ «እዚህ አህያ ጭኖ የመጣ እንደሆነ ሌላው ቆሞ ያሳልፋል» ይሉና ያስጽፉኛል። የሰፈር ልጆች «ፀሐይ የፈራው!» እያሉ ይከተሏቸዋል፤ እሳቸው ዞረው ቆብ ያነሡላቸዋል። ሲናደዱ አይጮኹም። ቁጭ ብለው እርሳስ ይቀርጻሉ። የእርሳሱ ፍቅፋቂ ሲከመር ካየን ሁላችንም ዝም ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ከቤተ መንግሥቱ ግንብ በታች ያለ ሰፈር ነበር። ቤቶቹን አንድ በአንድ አጥቁሬ ስጨርስ ከኋላዬ ቆመው አዩት።

«ጥሩ ነው። አሁን ሌላ ወረቀት አንሺና ቤቱን ተዪው። ቤት የሌለበትን አጥቁሪ።»

«ባዶውን?»

«ባዶ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

እንዳሉኝ አጠቆርኩት። ስጨርስ ያየሁት ሌላ ከተማ ነው። ጥቁሩ እንደ ወንዝ ይሄዳል፤ አንዱ ጋ ይጠባል፣ አንዱ ጋ ይተኛል፣ ደብሩን ክብ ሠርቶ ይዞረዋል፣ ከዚያ በየአጥሩ ሥር እየተሹለከለከ ወደ ቀሃ ወንዝ ይወርዳል። ስንት ዓመት የተመላለስኩበትን ሰፈር ገና ያን ቀን ያየሁት መሰለኝ። ቀና ብዬ ተመለከትኳቸው።

«ሰው የሚያድረው ነጩ ውስጥ ነው፤ የሚውለው ጥቁሩ ውስጥ» አሉኝ። «የከተማ ቅርጽ ማለት ይህ ነው። ትልቅ ነገር ልንሠራ ስንነሣ ይህን ሳናይ ችካል ከመታን፣ በዓይን ስውር እጅ ቀዶ ሕክምና ነው።»

እንዲህ የሚሉ ሰው ናቸው እንግዲህ በሚቀጥለው ሥራ የወደቁት። እኛም አብረን።

ከገበያው በታች የሱቅ ረድፍ እንዲሠራ ታዘዘና ቅርጹን እናጠና ጀመር። ሁዳዴ ጾም ነበር። ዝናብ የለ፣ ጭቃ የለ፣ ለልኬት የሚመች ወራት ነው። ሱቆቹ ከታሰቡበት ቦታ ላይ ሰፊ መንገድ አገኘን፤ ስፋቱ የጉድ፣ የሚሄድበት ሰው ግን የለም። አቧራው ላይ ዱካ አይታይም። አቶ ይርዳው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወዲያ ወዲህ አሉበት። ደጃፋቸው የቆሙትን ሰዎች «በዚህ ትሄዳላችሁ ወይ?» ብለን ጠየቅን። «ኧረ ምን ልንሠራ!» አሉን። አቶ ይርዳው «የሞተ መንገድ» ብለው ጻፉ፤ እኔም በጥንቃቄ ቀለም አለበስኩት። ሱቆቹ መንገዱን ዘግተው ተሠሩ፤ ያለቁት በሚቀጥለው ሁዳዴ ነው። መልካቸው ያምር ነበር።

በዓመቱ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ ከደምቢያ በኩል የዕርድ ከብት ገባ። ወይፈኑም በሬውም እየተግተለተለ በለመደው መንገድ ወርዶ ከሱቆቹ የኋላ ግድግዳ ጋር ተላተመ። የኋላው የፊተኛውን ይገፋል። አያ አለሙ የሚባሉ የታወቁ ከብት ነጋዴ የመሪውን በሬ ቀንድ ይዘው ሊመልሱ ሲታገሉ፣ በሬው ከአዲሱ ግድግዳ ጋር አጣበቃቸው። እኛ ስንደርስ በበር ሳንቃ ላይ አስተኝተዋቸዋል። ጭናቸው ተሰብሯል።

«ጌታው» አሉ አቶ ይርዳውን አይተው፤ «አባቴም በዚህ ነው የነዳ፣ አያቴም በዚህ። ምነው ዘጋችሁት?»

አቶ ይርዳው ቆባቸውን አወለቁ። አንዲት ሴት ከደጃፏ ቆማ ታለቅሳለች። አምና የጠየቅናት ናት። እኔ ብዙም የማልናገር ሴት፣ ያን ቀን ግን አፌ ቀደመኝ።

«እኅቴ፣ ጠይቀንሽ አልነበረም ወይ? አይሄዱበትም አላልሽንም?»

«ያኔማ ጾም ነበር!» አለችኝ፤ አለማወቄ ቢያስገርማት ዕንባዋ ቆመ። «ሴትዮ፣ በሁዳዴ ማን ሰንጋ ያስገባል?»

ቢሮ ስንመለስ አቶ ይርዳው እርሳስ መቅረጽ ጀመሩ። ቀረጹ፣ ቀረጹ፤ እርሳሱ አለቀ። ከዚያ «በዚህ ትሄዳላችሁ ወይ አልን። መቼ አላልንም» አሉ። ፍቅፋቂውንም እየጠረጉ፣ «እኛም እየጾምን ነበር እኮ። በዓለም ላይ ሥጋ የሚባል ነገር መኖሩ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።» ከሱቆቹ መሃል ሁለቱ ፈርሰው መተላለፊያ ተከፈተ። የአያ አለሙ ጭን ግን አልገጠመም፤ ከብት መንዳታቸው በዚያው ቀረ። አቶ ይርዳው ከተማውን እስኪለቁ ድረስ ይጠይቋቸው ነበር። ምን ይጫወቱ እንደነበር አላውቅም። አያ አለሙ የከብት መንገዱን ሁሉ ይነግሯቸው እንደነበር ግን ከካርታዎቻችን ይታወቃል።

ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣልን። ማናቸውም ጥናት ሁለት ወረቀት አለው፤ አንዱ «የጾም»፣ አንዱ «የፍስክ»። ሁለቱ ሳይደራረቡ ፕላን አይነሣም። ሕጉ ሌላም ጥያቄ ወለደ። ወለቃ ስንሄድ ሴቶቹ ሸክላቸውን የሚያደርቁበትን ሜዳ በበጋም በክረምትም ሳልነው። ጠዳ ላይ የገበያ ቀኑንና የማግሥቱን ለየን። እኔ መቼም መጠየቅ ሲፈቀድልኝ መቆሚያ የለኝም። የመለኪያ ገመድ ያዡ ባልደረባችን፣ «ወይዘሮ ውድነሽ፣ በዓለ ንግሥ ከሆነስ? ጨረቃ ሙሉ ከሆነችስ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። የቀለደውን አንዳንዱን አጥንተነዋል።

ሕጋችን የተፈተነው በሾላ በር ነው።

ከአዲስ አበባ ትልቅ የግንባታ ትእዛዝ ወረደ፤ የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ አዲስ ገበያ፣ በረድፍ የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች። ቦታው ሾላ በር ከሚባለው ድሃ ሰፈር እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ነው። አዲሱ ከንቲባ ለሥራ የሚቸኩሉ ሰው ነበሩ። ተቋራጩ ድንኳኑን ተክሎ ይጠብቃል፤ ፕላኑ ከሆሳዕና በፊት ተፈርሞ መሄድ አለበት ተባለ። ቀኑ ሁዳዴ ነው። አሁንም ሁዳዴ!

በሰፈሩ መሃል አንድ ሜዳ አለ። ዙሪያው አጥር ለአጥር የተጣበቀ ጎጆና ቆርቆሮ ቤት፣ እሱ ብቻ ክፍት። ከንቲባው በካርታው ላይ በቀይ እርሳስ ከብበው «አውቶቡስ» ብለው ጽፈውበታል። ሜዳውን ስንለካ መሬቱ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አየሁ። ጎን ለጎን በረድፍ ተደርድረዋል፤ ግዙፍ የገበጣ መጫወቻ ይመስላሉ። እያንዳንዱን ድንጋይ ልኬ ካርታው ላይ አስቀመጥኩ። ገመድ ያዡ «ድንጋይ መቁጠሩን ተያያዝሽው እንግዲህ» ብሎ አጉረመረመ። አቶ ይርዳው ግን ተንበርክከው ያዩ ነበር።

«መቃብር ይሆን?»

«የመቃብር ድንጋይ እንዲህ እኩል አይራራቅም» አልኳቸው።

«የፈረሰ ግንብ መሠረት?»

«መሠረት ቢሆን የተያያዘ ነው።»

ሁለታችንም ደስ ብሎናል፤ የማናውቀው ነገር አግኝተናልና። በዚህ መሃል ከአጥሩ ወዲያ «እናንተ ሰዎች! ከድንጋዬ ምን አላችሁ?» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ አስካል የሚባሉ ጠላ ጠማቂ ባልቴት ናቸው። ወጡና ከጥግ ያለውን ድንጋይ በእግራቸው ገፋ አደረጉት። ከሥሩ ጠባብ፣ ጥልቅ ጉድጓድ አፉን ከፈተ።

«የዳስ እግር ማቆሚያ ነው» አሉ። «የሾላ በር ሰው ዳስ የሚጥልበት ግቢ አለው ብላችሁ ነው? ሰርጉም ተዝካሩም እዚሁ ነው። አሁን ጾም ነው፤ ሰርግ የለ፣ ተዝካር የለ። የከብት እግር እንዳይሰብር በየድርሻችን እንከድነዋለን። ይቺ የጥጓ የኔ ናት።» ከዚያ ካርታዬን በጥርጣሬ እያዩ፣ «ለዳግማይ ትንሣኤ ልጄን እድራለሁ። ምነው፣ ምን ሊሆን ነው?»

አቶ ይርዳው አልዋሹም። «የአውቶቡስ ማቆሚያ ይሆናል ተብሏል፣ እናቴ።»

«ሜዳው?»

«አዎን።»

እትዬ አስካል ድንጋዩን መለሱት። አፈሩን በእጃቸው ጠረጉለት። «አባቷ ሲሞት ተዝካሩን ያወጣሁት እዚህ ነው። የሾላ በር ልጅ እዚህ ሳይዘፈንላት ተዳረች ቢባል ማን ያምናል? አውቶቡስ ላይ ልዳራት?» አሉ። የቀለዱ መስሎኝ ዓይናቸውን አየሁ። ቀልድ አልነበረበትም።

አቶ ይርዳው ከንቲባው ዘንድ ገብተው ወጡ። ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና እርሳስ አነሡ። «አንድ ሰርግ ለአንድ ቀን ነው፣ አውቶቡስ ለዘወትር ነው አሉኝ። ካልፈረምክ ሌላ መሐንዲስ ይመጣል፣ አንተም ሌላ አገር ትሄዳለህ ብለውኛል። ነገ የጾሙን ካርታ ይዘን እንግባ።»

«የፍስኩስ?» አልኩ።

«የፍስኩን ከየት እናምጣው፣ ወይዘሮ ውድነሽ?»

እቤቴ ሄጄ ዳዊቴን ደገምኩ። በማግሥቱ ማለዳ ቢሮ ገብቼ አዲስ ወረቀት አነሣሁ። ዳር ዳሩን በመስመር ከበብኩ፤ የሰሜን ምልክቱን ሳልኩ፤ ከላይ በትልቁ «ሾላ በር፣ የፍስክ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምንም አልነካሁበትም። ጠቅልዬ ያዝኩት።

ከንቲባው ከቅዳሴ በፊት እህል የማይቀምሱ፣ ጾማቸውን የሚያከብሩ ሰው ነበሩ። ስንገባ ፊታቸው ገርጥቷል። የጾሙን ካርታ ዘረጋሁላቸው። ወደዱት። ብዕራቸውን ሲያነሡ ሁለተኛውን ከጎኑ ዘረጋሁ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«ሁለተኛው ካርታ ነው፣ ክቡር ከንቲባ።»

«ምንም የለበትም እኮ!»

«የለበትም። ፍስክ ገና አልገባም።»

አቶ ይርዳው ከጎኔ ሳል አሉ። ከንቲባው አንዴ እኔን፣ አንዴ ወረቀቱን አዩ። «ሴትዮ፣ እኔን ባዶ ወረቀት ልታስፈርሚኝ ነው?»

«እሱን ነው የፈራሁት» አልኩ። «የመጀመሪያውን ለብቻው ከፈረሙ፣ ይኸኛውንም ባዶውን ፈረሙት ማለት ነው። የአያ አለሙ ጭን የተሰበረ ጊዜ እንዲህ ያለው ወረቀት በእጃችን አልነበረም።»

የአያ አለሙን ነገር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከንቲባው ብዕሩን አስቀመጡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ይስቃሉ።

«ከተማም ይጾማል በሉኛ!»

«ይጾማል» አሉ አቶ ይርዳው። «እኛ ያየነው ከስቶ ነው።»

«እስከ ዳግማይ ትንሣኤ» አሉ ከንቲባው። «ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አልጨምርም። ላዘዙን እኔ እመልሳለሁ።»

ፋሲካ ገባ። እትዬ አስካል ራሳቸው ማዘጋጃ ቤት መጥተው ከንቲባውን ለሰርጉ ጠሩ፤ «ያልመጡ እንደሆነ የአውቶቡስ ትኬት ይላኩልኝ» አሏቸው ብሎ ዘበኛው ሲያወራ ሰነበተ። በሰርጉ ማለዳ የሾላ በር ሰው ወጥቶ በየድርሻው ድንጋዩን አነሣ። እንጨቱ በየጉድጓዱ ገባ፤ አንድም አዲስ የተቆፈረ አልነበረም። እኔ ከአጥር ጥግ ሆኜ ካርታውን ሞላሁ፤ ዳሱን፣ ወጥ የሚሠራበትን፣ የሙሽራው በቅሎዎች የቆሙበትን፣ ከደብሩ የሚወርደውን የካህናቱን መንገድ። ባዶ የነበረው ወረቀት ጠቆረ።

ከንቲባው መጡ፤ የክብር ቦታ ተቀመጡ፤ በሉ። ዙሪያውን አይተው አቶ ይርዳውን ጠሩ። «እሺ፣ አየሁ። ታዲያ ዳሱ ሌላ ቦታ ቢጣልስ? ሰፈሩ ሰፊ ነው።»

አቶ ይርዳው ጃንጥላቸውን ሰጧቸው። «ይዘርጉትና ሰፈሩን ይዙሩ።»

ሰርገኛው ሁሉ እያየ ከንቲባው በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግተው ወደ መንገዱ ገቡ። ጥቂት እንደሄዱ ጃንጥላው ግራና ቀኝ ባለው አጥር መሃል ተሰነቀረ። ወደፊት ቢሉ እምቢ፣ ወደ ኋላ ቢሉ እምቢ። እትዬ አስካል ከዳሱ ሆነው፣ «አውቶቡሱ ተቀረቀረ!» ቢሉ ሰርጉ በሳቅ ፈነዳ። ከንቲባውም እየሳቁ ጃንጥላውን አጥፈው ወጡ። እጅጌያቸው እሾህ ይዞታል።

«ይርዳው፣ ማቆሚያው ወደ ታች ይውረድ» አሉ። «ከመኪናው መንገድ ዳር። ሜዳው ይቆይ።»

ቆየ። የረድፍ ቤቶቹ ሜዳውን መሃል አድርገው ተሠሩ፤ አቀማመጣቸውን ከጥቁሩ ወረቀት ላይ ነው የወሰድነው። ያለ ዋጋ ግን አልሆነም። ወደ ታች ለሚወርደው መንገድ የእትዬ አስካል አጥር ተገፍቶ ጠላ መጥመቂያቸው ጠበበ፤ እስኪሞቱ ድረስ ባገኙኝ ቁጥር ያነሡብኝ ነበር። አቶ ይርዳውም በዓመቱ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። ጃንጥላቸውን ትተውልኝ ሄዱ ብል ለታሪክ ያምር ነበር። ይዘውት ሄዱ፤ ክረምት ነበር።

ጡረታ ልወጣ ስል ክፍሉ ተለወጠ። ካርታ አሁን ከአውሮፕላን በሚነሣ ፎቶግራፍ ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከጠረጴዛው አልነሣም ብዬ አስቸገርኩ። ከተማዬን ከሰማይ! መጀመሪያ ካጠቆርኩት የደብሩ ክብ ጀምሮ ያ ሁሉ ስከተለው የኖርኩት መስመር በአንድ ወረቀት ላይ ተኝቷል። ወጣቱ መሐንዲስ ትሑት ልጅ ነው፤ አጉሊ መነጽሩን ሰጠኝና አብሮኝ ጎነበሰ።

«እትዬ ውድነሽ፣ ይህ ከቤቶቹ መሃል ያለው ነጭ ምንድን ነው? ባዶ ቦታ ነው? ትምህርት ቤት ሊሠራበት ታስቧል።»

ሾላ በር ነበር። ድንጋዮቹ ከሰማይ አይታዩም።

«ፎቶው የተነሣው መቼ ነው?» አልኩት።

ገልብጦ ከጀርባው አየ። «መጋቢት።»

«ከፋሲካ በኋላ ና፤ አብረን እንሄዳለን።»

«ጡረታ ትወጪ የለም ወይ?»

«መሄድ አልተከለከልኩም። ጃንጥላ ይዘህ ና።»

ልጁ በመስኮቱ ወደ ሰማዩ ተመለከተ። አንድ ደመና አልነበረም።

«ያኔ ዝናብ አለ እንዴ?»

«የለም» አልኩት።